የእጅ ሥራ ጥያቄና መልስ፦ ለ2019 የሹራብ ዕቅድ

ጥያቄ፦ ሹራብ መሥራት የጀመርኩት ክረምት ላይ ነው። አንድ ሻርፕ ጨርሻለሁ፤ ሁለት ጅምሮች ግን ዘንቢል ውስጥ ተቀምጠዋል። ለአዲሱ ዓመት የማይከብድ፣ የሚያዝናና ዕቅድ እንዴት ላውጣ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ትልልቁን ሹራብ ለጊዜው ይተዉት። የአዋቂ ሹራብ 1,000 ሜትር ገደማ ክር ይበላል፤ ማታ ማታ ብቻ ለሚሠራ ሰው ወራት ይፈጃል፣ መሐል ላይም ያሰለቻል። ይልቅ 12 ትንንሽ ሥራዎችን በወረቀት ቁራጭ ላይ ይጻፉ፤ ጠቅልለው ሙዳይ ውስጥ ይክተቱና በየወሩ መባቻ አንዷን ያውጡ። የወጣችው የወሩ ሥራ ናት።

ከ12ቱ አንዷ የጀበና ማረፊያ ትሁን። ለእሷ የጥጥ ክር ደርበው ይሥሩ፤ አክሪሊክ ከፍም የወረደ ጀበና ሲነካው ቀልጦ ይጣበቃል። ሌላዋ ወረቀት ላይ «አንዱን ጅምር ተርትር» ብለው ይጻፉ። መተርተር ኪሳራ አይደለም፤ ክሩ ለሌላ ሥራ ይመለሳል።

ኮፍያ ከደረሰዎት መጀመሪያ ናሙና ይሥሩ፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ከ12 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ ሠርተው፣ አጥበው ካደረቁ በኋላ መሐሉ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን (መርፌው ላይ የሚሠራ የክር ቀለበት) እንዳለ ይቁጠሩ። 22 ዓይን ከሆነ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ኮፍያ 110 ዓይን ይበቃል። እጅዎ ላልቶ 20 ብቻ ከሆነ ግን ያው 110 ዓይን 55 ሳንቲ ሜትር ይሆንና ኮፍያው ፊትዎ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ ወደ 3.5 መርፌ ይውረዱ። ክሩንም ለአንድ ሥራ የሚበቃውን በአንዴ ይግዙ፤ መጠቅለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር ከተለያየ ቀለሙ አንድ ቢመስልም ሲሠራ ይለያል።

ጳጉሜን ባዶ ይተዉለት። 2019 የሉቃስ ዘመን ስለሆነ 6 ቀን አላት፤ ዓመቱን ሙሉ የተንጠለጠሉ የክር ጫፎችን ለመደበቅ ደህና ጊዜ ነው። ለዚህ እንዲመች ሲቆርጡ ሁልጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ያስተርፉ።

ጥያቄ፦ ሻርፕ በ30 ዓይን ጀምሬ አሁን 37 ሆኗል። የት ተሳሳትኩ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ችግሩ ረድፍ ሲጀምሩ ነው። ክሩ በመርፌው ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያዋ ዓይን ትነሣና ሁለት ትመስላለች፤ እርስዎም ሁለቱንም ይሠሯቸዋል። ክሩን ሁልጊዜ ከመርፌው በታች ወደ ኋላ ያሳልፉ። መሐል ላይ ቀዳዳ ካለ ግን ክሩ ሳያውቁት መርፌው ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው።

ለማስተካከል 30 ዓይን የነበረበትን ረድፍ ይፈልጉ። ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር በመስፊያ መርፌ በ30ዎቹ ውስጥ ያሳልፉ፤ ከዚያ ቢተረትሩም ከክሩ በታች አይፈታም። ወደፊት በየ10 ረድፉ ይቁጠሩ።