ቢጫው መስመር ተሰምሯል፣ ካርዱ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባሕር ዳር ባለ አንድ ጤና ተቋም የካርድ ክፍል አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ አራት ወሬ ነው። ከእኔ በፊት ካይዘን (ሥራን በትንንሽ ለውጥ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ተተግብሯል ተብሎ ሰርተፊኬት ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ፣ «5ቱ ማዎች» የሚባሉት የሥራ ቦታ ማስተካከያ እርምጃዎች በትልቁ ተለጥፈዋል። ታካሚው ግን ካርዱ እስኪገኝ አሁንም ቆሞ ይውላል። ሠራተኞቹን ላነሳሳ ስል ቀደም ሲል የመጡትን የአሠራር ለውጥ ፕሮግራሞች እየጠቀሱ «ቢፒአር መጥቶ ሄደ፣ ቢኤስሲ መጥቶ ሄደ፣ ይሄም ይሄዳል» ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሠራተኞችሽ እውነታቸውን ነው። አትቆጫቸው። እኔም በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ሳለሁ እንደነሱ ነበር የምለው።

ካይዘን በኢትዮጵያ የተሞከረው በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት በጃይካ እገዛ 30 ድርጅቶች ተመርጠው ተጀመረ፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በ2004 ተቋቋመ። እኛ ፋብሪካ ሲደርስ መጀመሪያ የመጣው ቀለም ነው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መሬት ቀባን። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልን እንደ ተማሪ በቃል አጠናን። ውሸት አይደለም፣ መቀስ መፈለግ ቀረ። ከዚያ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቀለ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው በወሩ ሞሉት። ቁልፉ አንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ኃላፊው ተዛወረ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ሳጥኑን በመዶሻ ከፈትነው። ከላይ ያገኘነው የከረሜላ ልጣጭ ነው። ሥር ላይ ግን በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ነበረች፦ «ስቶሩ ለሻይ ሲዘጋ ክር ያልቅብኝና ቁጭ እላለሁ። ጠዋት ሁለት ኮን ክር ቢሰጠኝስ?» ይኸው ነው። አንድ ተጨማሪ ኮን! ወጪ የለው፣ ጥናት የለው። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። ልጅቷን ልጠራት ስነሳ «እሷማ ዓረብ አገር ከሄደች ስንት ጊዜዋ» አሉኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ስለዚህ አንቺ ለጊዜው ቀለሙንም ፖስተሩንም ተይው። አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። የፊታችን ሰኞ የጠፋ አንድ ካርድ ምረጪና ተከተይው። ወንበርሽ ላይ ሆነሽ አይደለም፣ በእግርሽ። የቶዮታን አሠራር የቀየረው ታይቺ ኦኖ መሐንዲሶቹን የፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቶ «እዚህ ቁሙና እዩ» ይላቸው ነበር። ሲቆሙ የሚታየው ሪፖርት ላይ አይታይም።

ከዚያ እስከ አምስት ጊዜ «ለምን» እያልሽ ውረጂ። ካርዱ መደርደሪያው ላይ ለምን የለም? ትናንት ስላልተመለሰ። ለምን አልተመለሰም? ሐኪሙ ክፍል ስለቀረ። ለምን ቀረ? ተላላኪዋ 11 ሰዓት ላይ ስትሄድ በሩ ተቆልፏል። ለምን በ10 ሰዓት አትሄድም? በዚያ ሰዓት መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይዋን ተክታ ትቀመጣለች። አየሽ፣ የካርድ መጥፋት ነው ያልሽው የመስኮት ሰው ማነስ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ለምሳሌ አልኩሽ እንጂ ያንቺ ቤት ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ አንድ ነገር ጠብቂ፦ አምስተኛው «ለምን» ላይ የሰው ስም ካገኘሽ ተሳስተሻል፣ ተመለሺና እንደገና ጠይቂ። «አበበች ግዴለሽ ስለሆነች» መልስ አይደለም፣ ሐሜት ነው።

አንድ ርካሽ ብልሃት ልንገርሽ። ካርድ ከመደርደሪያ በወጣ ቁጥር በቦታው ቀይ ካርቶን ይግባ። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑና የሄደበት ክፍል ይጻፍ። የመድኃኒት ካርቶን ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ማታ ላይ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ቀይ ትቆጥሪያለሽ። ያቺ ቁጥር ለማንም ሪፖርት አትሁን፣ ለእናንተው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ትጻፍ። ወደ ላይ የተላከች ቀን ማሳመር ይጀመራል፤ እኛም ስናሳምር ስለኖርን አውቀዋለሁ።

ሠራተኛ ሐሳብ ሲያመጣ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ መልሺለት። «አይሆንም» ብትይው እንኳ ምክንያቱን ጨምረሽ ይሁን። ሳጥን አትስቀይ፣ ደብተር ይበቃል። በአንዱ ገጽ ሐሳቡ፣ ፊት ለፊቱ ያንቺ መልስ። መልስ የሌለበት ገጽ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ አንቺም ታፍሪያለሽ፣ እሱ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ፕሮግራመር ነኝ። «አጃይል ሆነናል» (ሶፍትዌርን በትንንሽ ደረጃ እየሠሩ የማሻሻል ዘዴ ነው) ከተባለ ወዲህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመን እንሰበሰባለን። ለ15 ደቂቃ ተብሎ 50 ደቂቃ ይፈጃል። አለቃችን «ትናንት ምን ሠራህ?» እያለ አንድ በአንድ እየጠየቀ ኤክሴል ላይ ይሞላል። ቁርጥ ግምገማ ነው። እውነቱን ለመናገር ያልሠራነውን ሠርተናል ማለት ጀምረናል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የእህቴ ልጅ የናንተው ሙያ ስለሆነ እሱን አስቀምጬ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የካቲት ወር ላይ አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ተሰብስበው የአጃይልን መነሻ አራት ነጥብ ጻፉ። የመጀመሪያዋ ነጥብ ሰዎችና መነጋገራቸው ከአሠራር ሥርዓትና ከመሣሪያ ይበልጣሉ የምትል ናት። የናንተ አለቃ መሣሪያውን ይዞ ሰዎቹን ጣላቸው ማለት ነው። ደግሞ የዕለቱ ስብሰባ የሠሪዎቹ ነው፣ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ አይደለም። «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አጋጠመህ» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ከታተመው የስክረም (አንዱ የአጃይል አሠራር ነው) መመሪያ ላይ እንዲቀሩ ተደርጓል። አለቃህ ይህን ቢሰማ ሳይገርመው አይቀርም።

እኔ የሚገባኝ ግን በክር ነው። ጃፓናዊው የፈጠራ ሰው ሳኪቺ ቶዮዳ የሠራው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። ብዙ ሜትር ጨርቅ ከተበላሸ በኋላ ከማወቅ ያኔውኑ ማቆም ይሻላል ብሎ ነው። የእኛ ልጆች ግን ክር ሲበጠስ እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገው ይሸፍኑት ነበር። ለምን? እኔ እጮህባቸው ስለነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የአንተም አለቃ ክር ሸፋኝ እያፈራ ነው፣ ሳያውቀው።

አለቃህን በሰው ፊት አትናገረው። ለብቻው ቡና ጋብዘውና «ሁለት ሳምንት እንሞክር» በለው። ሰው በሰው መጠየቁ ቀርቶ የሥራችሁ ዝርዝር በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ያለው ሥራ ይጠየቅ። ለመጠናቀቅ ከቀረበው ጀምሩና «ይሄ ለምን ቆመ? ማን ይርዳው?» በሉ። ኤክሴሉ ከስብሰባው ይውጣ። ሰሌዳው ላይ ተጽፎ እያለ ድጋሚ መሙላት ምን ይሠራል? አለቃህ መምጣት ከፈለገ ይምጣ፣ ግን መጨረሻ ላይ ይናገር። እምቢ ካለህ ደግሞ አንተ ራስህ ጠዋት ላይ «ትናንት አልሆነልኝም፣ እዚህ ጋ ተይዣለሁ» በልና ጀምር። መጀመሪያ ላይ ልብህ ይመታል። ከሁለት ቀን በኋላ ጎንህ ያለው ልጅም ይከተልሃል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን «ሊን» ሊጀምር ነው ተባለ። ሊን ማለት ሠራተኛ መቀነስ ነው ወይ?

መልስ፦ አይደለም። ሙዳ የሚሉትን ብክነት ነው የሚቀንሰው፦ መጠበቅን፣ ያለ ሥራ መመላለስን፣ ሠርቶ ማፍረስን፣ የማይፈለግ ክምችትን። ግን ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አልልሽም። ሊን በተወለደበት በቶዮታም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1950 በኪሳራ ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ሲሰናበት ትልቅ አድማ ተነሥቶ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ።

ስለዚህ ሥልጠናው ሳይጀመር፣ አዳራሹ ውስጥ እጅሽን አውጪና ጠይቂ፦ «በዚህ ሥራ ምክንያት ትርፍ የሆነ ሰው የት ይመደባል?» መልሱ በጽሑፍ ይለጠፍ በይ። እኛ ጋ ክር አመላላሽ የነበሩ ሁለት ልጆች ሥራቸው ሲቀር ጥራት ቁጥጥር ገቡ፣ አንዷ ዛሬ የመስመር ኃላፊ ናት። እዚያው ግቢ በሌላ ዘርፍ ግን ሦስት ሰው ተቀነሰ። በቀጣዩ ወር ከዚያ ዘርፍ የመጣው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ የመጸዳጃ ቤት ሳሙና ይሟላልን የሚል።