ሸክላን በጆሮ ማዳመጫ ለመስማት ምን ዓይነት ማጫወቻ ይሻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሲል እናቴ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ላኩልኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሲሆኑ፣ የአምሃ ሬከርድስ፣ የካይፋና የፊሊፕስ ማኅተም ያለባቸው ይበዛሉ። ማጫወቻ ግን የለኝም። የምሰማው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ስለሆነና የአፓርታማችን ግድግዳም ስስ ስለሆነ ስፒከር አልፈልግም፤ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 የጆሮ ማዳመጫ አለኝ። ለቀረው ዕቃ ሁሉ 2,000 ዶላር መድቤአለሁ። አንዱ ወዳጄ ከባድ ማጫወቻ እንድገዛ ይመክረኛል፤ ሌላው ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ዓይነት ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘውና ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ካልሆነ ልፋቴ ከንቱ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዳክ (ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይር ዕቃ) ያስፈልግሃል ይለኛል። ገንዘቤን በየትኛው ላይ ባውለው ይሻላል?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የአባትዎን ነፍስ ይማር። እናትዎ ያን ካርቶን በደህና አሽገው ባሕር ማሻገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። አቶ አምሃ እሸቴ ድርጅታቸውን መሥርተው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን ያሳተሙ ሰው ናቸው፤ በእጅዎ የገባው ከዚያ ሥራ የተረፈ ስለሆነ፣ የሚገዙት ዕቃ ለእነዚህ ሸክላዎች የሚስማማ እንጂ በአጠቃላይ «ምርጥ» የሚባል መሆን የለበትም። ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ሸክላዎቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የታተሙ ትንንሽ ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ፣ ማለትም በቀኝም በግራም አንድ ዓይነት ድምፅ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ከዚህም በላይ በየግብዣው ብዙ ጊዜ የተጫወቱ፣ መርፌ ያደከማቸው መሆናቸው አይቀርም።

በስፒከር ስንሰማ ድምፁ ወደ ክፍሉ ወጥቶ፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ ጋር ተላትሞ፣ የቀኙና የግራው ተቀላቅሎ ነው ጆሮአችን የሚደርሰው፤ በመንገዱም ብዙ ጉድፍ ይሸፈናል። በጆሮ ማዳመጫ ግን የግራው ድምፅ ለግራ ጆሮ፣ የቀኙም ለቀኝ ጆሮ ብቻ ስለሚሄድ፣ ሰሚው መርፌው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በስፒከር ይቅር የምንላቸው ነገሮች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ እምምታ፣ የማጉያው ሽሽታ፣ የአቧራ ጠቅጠቅታና በሸክላው መጨረሻ አካባቢ የሚሰማው መሻከር፣ እዚህ ምሕረት የላቸውም። በአንጻሩ ከባድ ማጫወቻ የሚመረጥበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ከስፒከር የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ማጫወቻውን እንዳያንቀጠቅጥ ነው፤ እርስዎ ስፒከር ከሌለዎት ለዚህ መከላከያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት አይታየኝም። ወለሉ የእንጨት ከሆነና ሲራመዱ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ ከአሥር ኪሎ ብረት ይሻላል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ገንዘቡ በመጀመሪያ ወደ መርፌው፣ ቀጥሎም መርፌውን በትክክል ወደማስተካከል፣ ከዚያም ጸጥ ወዳለ ፎኖ ፕሪአምፕ (ከካርትሪጁ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ወደሚያጎላው ዕቃ) ይሂድ የሚል ነው። ከማጫወቻው የሚፈለገው ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ መዞሩና ክንዱ ያለ እንቅፋት መንቀሳቀሱ ነው። ለእርስዎ የፕሮጀክት ደቡት ካርቦን ኢቮ የሚበቃ ይመስለኛል፤ ዋጋው ከበጀትዎ ግማሽ አይደርስም፤ ከ33 ወደ 45 ዙር የሚቀየረውም በማብሪያ ነው። ሬጋ ፕላናር 3ን ብዙ ሰዎች በትክክል ያመሰግኑታል፤ ነገር ግን ተጨማሪውን የኃይል ሳጥን ካልገዙለት በቀር ፍጥነት ለመቀየር ሳህኑን አንስቶ ቀበቶውን በእጅ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ትንሹንና ትልቁን ሸክላ እያፈራረቀ ለሚሰማ ሰው ይህ በየምሽቱ የሚያሰለች ሥራ ነው። ቴክኒክስ ኤስኤል 1500ሲ ቀበቶ ሳይኖረው ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞር፣ ሸክላው ሲያልቅ ክንዱን ራሱ የሚያነሣ፣ ካርትሪጁንም ከነመያዣው ነቅሎ በሌላ ለመተካት የሚያመች ግሩም ዕቃ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ከበጀትዎ ከግማሽ በላይ ስለሚወስድ ለመርፌው የሚተርፈውን ያሳንስብዎታል።

ስለ መርፌ ትንሽ ልቆይ። ሸክላ ላይ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ትልም እንደ እርሻ ትልም ሁለት ግድግዳ አለው፤ መርፌው የሚደገፈውም በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ነው። የድሮዎቹ ማጫወቻዎች ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ነበራቸው፤ ያ መርፌ ለዓመታት የፈተገው የግድግዳውን አንድ የተወሰነ ቦታ ነው። ማይክሮላይን የሚባለው ቀጭን ጫፍ ግን ከተፈተገው ቦታ ውጭ፣ ያልተነካውን የግድግዳ ክፍል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ቤተሰብ ማይክሮላይን ጫፍ ያለውን ኤምኤል የተባለውን እንዲሞክሩ እመክራለሁ። የዚህ ቤተሰብ መርፌዎች በአንድ አካል ላይ የሚቀያየሩ ስለሆኑ ክብ ጫፍ ያለውንም በርካሽ ጨምረው ይግዙ፤ እያንዳንዱን ሸክላ በሁለቱም ሰምተው በየትኛው እንደሚጠራ በሸክላው ከረጢት ላይ በእርሳስ ይጻፉ። በካርቶኑ ውስጥ ወፈር ያሉ፣ ሲወድቁ እንደ ሰሐን የሚሰበሩ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ካገኙ ግን በእነዚህ መርፌዎች አይንኳቸው፤ ትልማቸው ሰፊ ስለሆነ የራሳቸው መርፌ ያስፈልጋቸዋል፤ በአልኮልም አይታጠቡም።

ሙቪንግ ኮይል ስለሚባለው የወዳጅዎ ምክር፣ ካርትሪጆቹ መልካም መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም ለምሳሌ ዴነን ዲኤል 103 የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የተባለው የሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ 5.5 ሚሊቮልት ይሰጣል። ያን ደካማ ምልክት ወደ ሺህ እጥፍ ማጉላት የሚችል፣ ሽሽታም የማያሰማ ፕሪአምፕ ውድ ነው፤ ርካሹን ከገዙ ሽሽታው በዘፈኖቹ መሐል ባለው ጸጥታ ሁሉ ጆሮዎ ውስጥ ይቀመጣል። ዳክ የሚያስፈልገው ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ለሚመጣ ዲጂታል ድምፅ ስለሆነ፣ ለሸክላ አያስፈልግዎትም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ ወደምናገረው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የሞኖ ማብሪያ ነው። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተቀረጸው መርፌውን ወደ ጎን እንዲወዛወዝ አድርጎ ብቻ ነው፤ አቧራና ጭረት ግን መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታችም ያዘልሉታል። የቀኙና የግራው ድምፅ ሲደመር የላይና የታቹ እንቅስቃሴ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሙዚቃው ግን ሳይነካ ይቀራል። ባለፈው ወር አንድ ያረጀ የ45 ዙር ሸክላ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያለ ማብሪያው ሰማሁት፤ ጭርጭርታው በቀኝ ጆሮዬ በኩል እንደሚንጣጣ እሳት ሆኖ ከሳክስፎኑ ጋር ይሽቀዳደማል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወደ ግራ ያዘነብላል። ማብሪያውን ስጫነው ጭርጭርታው ከግማሽ በላይ ከሰመ፤ የቀረውም ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የዘፋኙ ድምፅ መጥቶ ግንባሬ መሐል ቆመ፤ ከሥሩ ያለው ባስ ጊታርም እስከዚያ ድረስ እንዳልነበረ ሆኖ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ለውጥ በሺህ ዶላር ማጫወቻ አልተገኘልኝም። ስለዚህ ፎኖ ፕሪአምፕ ሲገዙ ሞኖ የሚል ማብሪያ ያለውን ይፈልጉ። ካላገኙ፣ ከማጫወቻው የሚወጡትን ሁለት ገመዶች በሁለት የዋይ ቅርጽ ያላቸው ማገናኛዎች አንድ አድርጎ እንደገና ለሁለት በመክፈል ወደ ፕሪአምፑ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ የሚደረገው ከፕሪአምፑ በፊት እንጂ በኋላ አለመሆኑን ያስተውሉ።

መርፌውን ስለማስተካከል፣ በራሴ የደረሰውን ልንገርዎት። ከአንድ ሱቅ «ተስተካክሎ የተዘጋጀ» ተብሎ የተሸጠልኝ ማጫወቻ ሸክላው ወደ መሐል ሲቃረብ ሰ፣ ሸ እና ጸ ያለባቸውን ቃላት ሁሉ ምራቅ እንደሚረጭ አፍ ያደርጋቸው ነበር። ሸክላውን ወቀስኩ፤ ጆሮ ማዳመጫውንም ወቀስኩ። በመጨረሻ በመስተዋት ላይ የተሠመረ የካርትሪጅ መለኪያ አስቀምጬ ባየው ካርትሪጁ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ታስሯል። ሁለቱን ብሎኖች አላልቼ ሳስተካክል መርጨቱ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በትልቅ ባለ 33 ዙር ሸክላ ላይ ትልሙ በዳር በኩል በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ከመርፌው ሥር ሲያልፍ፣ ወደ መሐል ሲደርስ ግን ወደ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ ትንሽ ስሕተት እንኳን ይጎላል። ስለዚህ መለኪያውንና የመርፌ ክብደት መመዘኛ ትንሿን ሚዛን አብረው ይግዙ፤ ለመረጥኩልዎ መርፌ 2 ግራም ትክክለኛው ነው። ከዚያ የአባትዎን አንድ ደህና ሞኖ ሸክላ ያለ ማብሪያው ያጫውቱ፤ ድምፁ ከጭንቅላትዎ መሐል ፈቀቅ ካለ የሚስተካከል ነገር ቀርቷል ማለት ነው።

ለጆሮ ማዳመጫው የሚሆን አምፕሊፋየር መምረጥ ይህን ያህል አያስቸግርም። የእርስዎ ኤችዲ 650 የ300 ኦም ስለሆነ ከብዙ አምፕሊፋየሮች ጋር ይስማማል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የማጉላት ኃይሉን። 5.5 ሚሊቮልት የሚሰጥ ካርትሪጅ እንኳን በተለመደው መቶ እጥፍ ሲጎላ ከፕሪአምፑ የሚወጣው ግማሽ ቮልት ያህል ነው፤ የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ይሰጣል። ያዘዝኩልዎ ካርትሪጅ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ ማጉላቱን ከፍ ማድረጊያ ያለው አምፕሊፋየር ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በብሉቱዝ የሚሠራ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አለኝ። ሸክላ ለመስማት ሌላ መግዛት አለብኝ?
አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ፦ አይገደዱም፤ ብሉቱዝ የሚያስተላልፉ ማጫወቻዎች በገበያ አሉ። ሆኖም በዚህ መንገድ ድምፁ ወደ ዲጂታል ተቀይሮና ተጨምቆ ስለሚደርስዎ፣ ለመርፌና ለፕሪአምፕ የሚያወጡት ተጨማሪ ገንዘብ ብዙም አይሰማዎትም። ብዙ ማዳመጫዎች ገመድም ይቀበላሉ፤ መጀመሪያ የእርስዎ መቀበል አለመቀበሉን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የ1970ዎቹ ሸክላ ማጫወቻ ሊያመጣልኝ ነው። ትራንስፎርመር ከገዛሁለት አዲስ አበባ ላይ ይሠራልኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይዞራል፤ ነገር ግን በትክክለኛው ፍጥነት ላይዞር ይችላል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚወስኑት ከመስመሩ ኸርዝ ስለሆነ፣ 45 ዙር መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል፤ ዘፈኑ ተጎትቶ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል፤ የሴት ድምፃዊት ትዝታ የወንድ ይመስላል። ለአንዳንዶቹ ቀበቶው የሚጠመጠምበትን ዘንግ በ50 ኸርዙ መቀየር ይቻላል፤ ወንድምዎ የሞዴሉን ቁጥር ይዘው ከመነሣታቸው በፊት ይህ ዘንግ መገኘቱን ያረጋግጡ። ዕቃው ገና ካልተገዛ ግን በአዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢፈልጉልዎ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ መርፌው ሸክላው ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ክንዱን በማንሻው አንሥተው ወደ ማረፊያው ይመልሱ፤ አምፕሊፋየሩንም ያጥፉ። መብራቱ ሲመለስ አንዳንድ አምፕሊፋየሮች በጆሮ ማዳመጫው ላይ ኃይለኛ ጉምታ ይለቃሉ፤ ስለዚህ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ አድርገው ያብሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ መርፌውን ያሳርፉ፤ ከዚያ በኋላ ማዳመጫውን አድርገው ድምፁን ቀስ እያሉ ይጨምሩ።