የት ነበር ያነበብኩት? ስለ ምንጭ ፍለጋና አያያዝ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የተሰጠኝ የጽሑፍ ርዕስ «የእንቅልፍ ማነስ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማስታወስ ችሎታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነው። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ጎግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ስጽፈው የሚመጣው ውጤት ማለቂያ የለውም፤ ግማሹም ከርዕሴ ጋር አይገናኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ርዕሱን እንዳለ አይጻፉት። የፍለጋ ሳጥኑ የሚፈልገው ተመራማሪዎቹ በጽሑፋቸው ውስጥ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ነው። ወረቀት ይውሰዱና ርዕሱን በሦስት ይክፈሉት፦ መንስኤው (እንቅልፍ)፣ ውጤቱ (ማስታወስ)፣ ሰዎቹ (ተማሪዎች)። በየአንዳንዱ ሥር ሦስት አራት ተለዋጭ ቃላት ይደርድሩ።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። «እንቅልፍ ማነስ» ስንል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ በጥናቶቹ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነው። «ስሊፕ ዴፕሪቬሽን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንቅልፍ ማደርን ነው። «ስሊፕ ሪስትሪክሽን» ለተከታታይ ቀናት ከሚበቃው ሰዓት በታች መተኛት ነው። «ኢንሶምኒያ» ደግሞ ጊዜውም ቦታውም እያለ እንቅልፍ እምቢ ሲል ነው። ሦስቱን ደባልቆ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብሎ መጻፍ የሚያነብ መምህር ቶሎ የሚይዘው ስሕተት ነው። ማስታወስም እንዲሁ ነው፤ «ወርኪንግ ሜሞሪ» አንድን ነገር ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ መሥራት ሲሆን «ሜሞሪ ኮንሶሊዴሽን» የተማርነው ነገር ረግቶ የሚቀመጥበት ሂደት ነው። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመረምሩ ሲወስኑ የፍለጋው ውጤት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጽሑፉም ዳር ድንበሩን ያገኛል።

እነዚህን ቃላት አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ሁለት ሦስት ተስማሚ ጽሑፎች ያግኙና አብስትራክታቸውን (ከጽሑፉ መጀመሪያ ያለውን አጭር ማጠቃለያ)፣ ከሥሩ የተዘረዘሩትንም ቁልፍ ቃላት ያንብቡ፤ ቃላቱን ከዚያ ይለቅሟቸዋል። ከዚያ አብረው የሚሄዱትን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ፤ አለዚያ ቃላቱ ተበታትነው የሚገኙበትን ሁሉ ያመጣል። ተለዋጭ ቃላትን በእንግሊዝኛው «ኦር» ያገናኙ፤ በትልልቅ ፊደል ካልተጻፈ ግን እንደ ማገናኛ አይቆጠርም። የማይፈልጉት ቃል ካለ የመቀነስ ምልክት ከፊቱ አጣብቀው ያስቀምጡ። ስኮላር ብዙ የተጠቀሱ ጽሑፎችን ወደ ላይ ስለሚያወጣ የቆዩት ይበዛሉና በግራ በኩል ካለው የዓመት ምርጫ የቅርቦቹን ለይተው ይዩ።

መጀመሪያ የሚያነቡት የዳሰሳ ጽሑፍ፣ ማለትም በርዕሱ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል። ከእሱ በሁለት አቅጣጫ ይጓዛሉ። ወደ ኋላ፦ በዋቢ ዝርዝሩ ደጋግሞ የሚመጣ ስም ካለ እሱን ይፈልጉ። ወደ ፊት፦ በስኮላር ከጽሑፉ ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ሲጫኑ ከዚያ ወዲህ ያንን ጽሑፍ የጠቀሱት ይመጣሉ፤ በእነሱ ውስጥ ብቻ እንዲፈልግልዎ የሚያዝዝ ትንሽ ሳጥን ከላይ አለ። አዲስ ጽሑፍ በከፈቱ ቁጥር የዋቢ ዝርዝሩ አስቀድመው የሚያውቋቸውን ስሞች ብቻ የሚያሳይዎ ከሆነ ፍለጋው በቅቷል፤ ወደ መጻፍ ይለፉ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቀኑን፣ የፈለጉበትን ቦታ፣ የተጠቀሙበትን ቃልና ያስቀሩትን ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ይመዝግቡ። ይህ ካልሆነ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ፍለጋ እንደ አዲስ ይደግሙታል።

ጥያቄ፦ የምፈልገው ጽሑፍ አብስትራክቱ ብቻ በነጻ ይታያል፤ ቀሪው ክፍያ ይጠይቃል። አብስትራክቱን ብቻ አንብቤ ብጠቅሰው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አብስትራክት የጽሑፉ ማስተዋወቂያ ነው፤ ስንት ሰው እንደተጠና፣ እንዴት እንደተለካ፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያመኑት ድክመት ምን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ነው ያለው። ከመክፈልዎ በፊት ግን እነዚህን በቅደም ተከተል ይሞክሩ። በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ይህን ጆርናል ይከፍልበት እንደሆነ በተማሪነት መለያዎ ገብተው ይዩ። በስኮላር «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ያው ጽሑፍ በሌላ ድረ ገጽ በነጻ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። «አንፔይዎል» የሚባለውን ነጻ የብራውዘር ማሟያ ይጫኑ፤ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ በገጹ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ለጸሐፊው አጭርና ትሑት ኢሜይል ይላኩ፤ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገኛል።

በነጻ ያገኙት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ግን ይለዩ። «ፕሪፕሪንት» ከሆነ ገና በሙያ አቻዎች ያልተገመገመ ነው። «አክሰፕትድ ማኑስክሪፕት» ከሆነ ግምገማውን አልፏል፤ ነገር ግን የገጽ ቁጥሩ ከታተመው ጋር ስለማይገጥም ገጽ ጠቅሰው ሲጽፉ ያሳስትዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ጽሑፍ ሌላ የቆየ ጥናት ጠቅሶ የጻፈው ጥሩ ሐሳብ አለ። የቆየውን ጥናት ሳላነብ በቀጥታ እሱን ብጠቅስ ማን ያውቅብኛል?

መልስ፦ ጥያቄውን በግልጽ ስላቀረቡት እናመሰግናለን፤ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ነው። የሚያስከትለውን በአንድ ምሳሌ እንየው።

ስፒናች የሚባለው ቅጠል በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው የሚለው ዝና ከአንድ የአሥርዮሽ ነጥብ ስሕተት እንደመጣ የሚተርክ ታሪክ አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነጥቧ ያለ ቦታዋ ተቀመጠችና ቁጥሩ አሥር እጥፍ ሆነ ይላል። ታሪኩን በሰፊው ያሰራጨው በ1981 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የሐኪሙ የቴሬንስ ሃምብሊን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ለዚህ ምንጭ አልጠቀሰም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን እሱን፣ ቀጥሎም እርስ በርሳቸው እየጠቀሱ ተቀባበሉት። በ2010 ማይክ ሳተን የተባለ ተመራማሪ መነሻውን ፍለጋ ወደ ኋላ ቢሄድ የነጥብ ስሕተት ስለመኖሩ ማስረጃ አጣ። በ2014 ደግሞ ኦለ ቢየርን ሬክዳል ይህ ወሬ በአካዳሚክ ጽሑፎች ውስጥ እንዴት እንደተዛመተ ዘርዝሮ አሳየ። ታሪኩን ከጠቀሱት ውስጥ ሌሎችን ስለ ጥንቃቄ ጉድለት የሚያስጠነቅቁ ይገኙበታል። መነሻውን ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ባዶ መሆኑን ያገኙ ነበር።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ የቆየውን ጽሑፍ ማግኘት ከተቻለ ያግኙትና ያንብቡት፤ ያኔ በቀጥታ ይጥቀሱት። ካልተቻለ፣ መጽሐፉ ከጠፋ ወይም በማያውቁት ቋንቋ ከተጻፈ፣ «እገሌ (1962)፣ በእገሌ (2015) እንደተጠቀሰው» ብለው ይጻፉ፤ በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ኤፒኤ በሚባለው የዋቢ አጻጻፍ ስልት የሚገባው ያነበቡት የ2015ቱ ብቻ ነው። «ማን ያውቅብኛል» ላሉት፦ የመጀመሪያው ጠቃሽ የገጽ ቁጥሩን ወይም ዓመቱን ተሳስቶ ከነበረ ስሕተቱ እንዳለ ወደ እርስዎ ይተላለፋል፤ ያም ምንጩን እንዳላዩት ይመሰክርብዎታል።

ጥያቄ፦ ዞቴሮ የተባለውን የምንጭ መያዣ ፕሮግራም መጠቀም ጀምሬያለሁ። ነገር ግን የሚያወጣልኝ የዋቢ ዝርዝር ስሕተት የበዛበት ነው፤ አንዱ ርዕስ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የድርጅት ስም ተገልብጦ፣ ያው ጽሑፍም ሁለት ጊዜ ይመጣል። በእጄ ብሠራው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ዞቴሮ የሚያወጣው የሰጡትን ነው፤ የሚስተካከለውም ከሥሩ፣ በመዝገቡ ላይ ነው።

ምንጩን ሲያስገቡ ፒዲኤፉን ከመጎተት ይልቅ ጽሑፉ ባለበት የጆርናሉ ገጽ ላይ ሆነው የብራውዘሩን የዞቴሮ ምልክት ይጫኑ። ፒዲኤፍ ብቻ ሲያስገቡ ዞቴሮ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ወይም ሌላ መለያ ፈልጎ መረጃውን ለማምጣት ይሞክራል፤ ፋይሉ የቆየ ስካን ከሆነ ግን የሚያነበው ስለሌለ ባዶ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር ወይም የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) በአስማተኛ ዘንግ ምስል ባለው ቁልፍ በኩል ያስገቡ።

በትልልቅ ፊደል ለመጣው ርዕስ፣ ርዕሱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሰንተንስ ኬዝ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ የሰውና የአገር ስሞችን መነሻ ፊደል በእጅ ያርሙ። ሁሉንም ርዕስ በዚህ መልክ ማስቀመጥ ይበጃል፤ የየቃሉን መነሻ የሚያተልቅ ስልት ቢጠየቁ ዞቴሮ ራሱ ይለውጠዋል፣ በተቃራኒው ግን አያደርግም። የድርጅት ስም የሚገለበጠው በሁለት ሳጥን፣ እንደ ሰው ስም ስለገባ ነው፤ «ድርጅት፣ የዓለም ጤና» የሚል ዋቢ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነው ወደ አንድ ሳጥን ይቀይሩት።

የተደገመውን አይሰርዙ! በ«ዱፕሊኬት አይተምስ» ውስጥ ገብተው ያዋህዱት። ወርድ ላይ ያስገቡት ጥቅስ ከአንደኛው መዝገብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያንን ከሰረዙት ግንኙነቱ ይበጠሳል። ወርድ ውስጥም ቅንፉን በእጅ አያርሙ፤ በሚቀጥለው ማደሻ ያረሙት ሊጠፋ ይችላል። የገጽ ቁጥርም ቢሆን ጥቅሱን በሚያስገቡበት ሳጥን ውስጥ ይጨመራል።

በነጻ የሚሰጠው የፋይል ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ነው። የሚሞላው በፒዲኤፎች ነው፤ የመዝገቦቹ መረጃ ከዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ቦታው ቢያልቅ ዋቢዎችዎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መታየታቸው አይቋረጥም።

ዞቴሮ የማይሠራልዎ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ማስታወሻ ነው። ቃል በቃል የቀዱትን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በራስዎ ቃል ያሳጠሩትን ያለ ምልክት፣ የራስዎን ሐሳብ በቅንፍ ይጻፉ፤ ለሁለቱ የመጀመሪያዎች የገጽ ቁጥር ያስከትሉ። ሲያሳጥሩ ፒዲኤፉን ይዝጉት፤ ዓይን ዓረፍተ ነገሩ ላይ እያለ እጅ መገልበጡ አይቀርም። ብዙ ሳያስቡት የተፈጸመ የጽሑፍ ስርቆት የሚጀምረው ከሦስት ሳምንት በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ከማይለይ ማስታወሻ ነው።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ አሥር ምንጮች ዘርዝሮ ሰጠኝ። እውነተኛ መሆናቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ አንድ በአንድ በመክፈት ብቻ። ዲኦአዩን በዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው የሚከፈተው ርዕስ ከተሰጠዎ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተፈጠረ ርዕስ እውነተኛ ግን የሌላ ጽሑፍ የሆነ ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዲኦአይ ከሌለው ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ይፈልጉ። የታዋቂ ተመራማሪ ስምና የእውነተኛ ጆርናል ስም መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጽሑፉ ከተገኘም የተባለውን በትክክል ማለቱን ያንብቡ።

በዚሁ አጋጣሚ ምንጩ እውነተኛ ሆኖም የተሻረ፣ ማለትም ከታተመ በኋላ ጆርናሉ ያነሳው ሊሆን ይችላል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 የላንሴት ጽሑፍ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ ጆርናሉ የሻረው በ2010 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የታተሙ ጽሑፎች ግን እንደ ደኅና ጥናት ሊጠቅሱት ይችላሉ። ዞቴሮ ሪትራክሽን ዎች በሚባለው የተሻሩ ጽሑፎች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የተሻረ ጽሑፍ በስብስብዎ ውስጥ ሲኖር በቀይ ያስጠነቅቃል። ዞቴሮ የማይጠቀሙ ከሆነ ጽሑፍዎን ከማስረከብዎ በፊት ዋና ዋና ምንጮችዎን በየጆርናሉ ገጽ ላይ ይክፈቱ፤ የተሻረ ከሆነ ማሳወቂያው አብዛኛውን ጊዜ ከርዕሱ አጠገብ ይገኛል።