ዋጋ ይቆረጥ ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋ ጨመራችሁ የተባሉ ሱቆች ሲታሸጉ ብዙዎቻችሁ "እሰይ!" አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ኑሮው ከብዷል። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚሁ ነበር የማስበው።

በደርግ ጊዜ ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት እህል መግዣ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ኮታ አለበት፤ ለመንግሥት የግድ የሚሸጠው የተወሰነ እህል ማለት ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ከገበያው በብዙ ያነሰ። አንድ ቀን አንድ አባወራ ሁለት ኩንታል ጤፍ በአህያ ጭነው መጡ። ተመዘነ። እኔም "ኮታ አሟልቷል" ብዬ መዘገብኩ። ሊወጡ ሲሉ "አዝመራው እንዴት ነበር?" አልኳቸው። ማሳቸው አልሰጠም። አንዱን በሬ ሸጠው፣ ጤፉን ከገበያ በውድ ገዝተው፣ ለእኛ በርካሽ ማስረከባቸው ነበር። ለከርሞ በአንድ በሬ ምን ሊያርሱ ነው? ወደ በላይ የሄደው ሪፖርት ግን ኮታው ሞላ ነው የሚለው።

ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ግን ዋጋ ማለት ከሩቅ የሚመጣ መልእክት ነው። ወሎ ላይ እህል ሲወደድ "እዚህ ጎድሏል፣ አምጡ" ማለቱ ነው። እኛ መልእክቱን አፍነን ነጋዴውን ኬላ ላይ አስቆምነው። ጎጃምና አርሲ ውስጥማ የግል እህል ነጋዴ እስከ መከልከል ተደርሶ ነበር። የ1977ቱን ረሃብ ድርቅና ጦርነት አመጡት፤ የተዘጋው የእህል መንገድ ደግሞ አባሰው። ኮታው የቀረው በየካቲት 1982 "ቅይጥ ኢኮኖሚ"፣ ማለትም መንግሥትም ግለሰብም ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሥርዓት፣ ከታወጀ በኋላ ነው። ኬላው ሲነሳ እህል በተረፈበትና በጎደለበት አገር መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ።

ነጋዴ ሁሉ ቅዱስ ነው አላልኩም። ሚዛን የሚሰርቅ አለ፤ ተመሳጥሮ ዋጋ የሚሰቅል አለ። እሱን መንግሥት ይቅጣ። ውል ያስከብር፣ መንገድ ይሥራ። የጤፍን ዋጋ ግን ቢሮ ቁጭ ብሎ ሊያውቀው አይችልም።

ሱቅ ሲታሸግ ካያችሁ በሳምንቱ ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። ዘይቱ የት እንደሚገኝ፣ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። እኔ እኚያን አባወራ የጠየቅኳቸው መዝገቡን ከዘጋሁ በኋላ ነው።