ሱፐርቫይዘር ለሆናችሁ ወገኖቼ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ አበሻ የማይሠራበት ሆቴል ወይም ፓርኪንግ ማግኘት ይከብዳል። ድሮ ዩኒፎርም ለብሶ የታዘዙትን መሥራት ነበር። ዛሬ ስኬጁል የሚያወጣው፣ ሺፍት የሚመራውም የእኛው ሰው እየሆነ ነው። እሰይ! ግን ሹመቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥልጠና ነው የሚመጣው። ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆናችሁ ብቻ ሬዲዮና ቁልፍ ይሰጧችኋል። በማግስቱ ትናንት አብራችኋቸው ምሳ የበላችኋቸውን ሰዎች ማዘዝ ነው።

ሆቴል ውስጥ ሰው ሳስተዳድር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ባየሁት ልክ፣ አዲስ አበሻ አለቃን የሚጥለው ከቁጣው ይልቅ ይሉኝታው ነው።

እንዴት መሰላችሁ? አንዲት ሃውስኪፐር በተከታታይ ታረፍዳለች። ሱፐርቫይዘሯ ፊት ለፊት መናገር ይከብደዋል። «የልጆች እናት ናት፣ ምን ልበላት» ብሎ ክፍሎቿን ራሱ ያጸዳል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ለሌላ አበሻ ያማታል። ወሬው ሳይመሽ እሷ ጋ ይደርሳል። ወር ሳይሞላ ትዕግሥቱ ያልቅና ማስጠንቀቂያ ጽፎ ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ይዟት ይሄዳል። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ!» ብላ ታለቅሳለች። እውነቷን ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ለብቻዋ፣ በአጭሩ ንገሯት። «ሺፍትሽ 7 ሰዓት ነው፣ ዛሬ 7:20 ገባሽ። ምን ገጠመሽ?» (በፈረንጅ ሰዓት ነው።) መልሷንም ከልብ ስሙ። አውቶቡሱ ሰዓት ቀይሮባት፣ ወይም ልጅ የምትይዝላት ሴት ቀርታባት ይሆናል። ሺፍቷን ግማሽ ሰዓት ብትገፉላት ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። የተስማማችሁበትንም በዚያው ቀን በሁለት መስመር ኢሜይል አድርጉላት። እዚህ አገር ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ነው።

ክሎክ አውት ያደረገን፣ ማለትም መውጫ ሰዓቱን አስመዝግቦ ሥራ የጨረሰን ሰው «ወንድሜ፣ አንዴ አሥር ደቂቃ እርዳኝ» ማለት አገር ቤት መተባበር ነው። እዚህ ጣጣ አለው። በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት ሁሉ እንዲከፈለው፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት ካለፈም አንድ ተኩል እጥፍ እንዲታሰብለት ያዝዛል። ድሮ ሰው በሩን ከወጣ ሥራው አለቀ። አሁን ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ስለ ነገው ሥራ ስታመላልሱት ያም የሥራ ሰዓት ሊባል ይችላል። «ደመወዝህን ለማንም አትንገር» ማለትም አይቻልም። ሠራተኞች ስለ ክፍያቸው እርስ በርስ የመነጋገር መብታቸው ከ1935 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ማናጀሩ «ንገርልኝ» ቢላችሁ እንኳ እናንተ አፍ አትሁኑት።

ስለ አማርኛችን ደግሞ። ሰላምታውና ጨዋታው ይቀጥል። ግን የጠዋት ስብሰባ ላይ የኤልሳልቫዶሯ ሴትዮ ቆማ በአማርኛ አውርታችሁ ከሳቃችሁ፣ በእሷ የሳቃችሁ ይመስላታል። ከዚያ የቅዳሜና እሁድ ኦፍ ሁልጊዜ ለአበሻ እንደሚደርስ ስታይ ደግሞ አትጠራጠርም። ለአገር ልጅ ማዳላት እዚህ በሕግ ያስጠይቃል። የአገር ቤት ፖለቲካም ብሬክ ሩም በር ላይ ይቅር፤ እሱ ከገባ እንኳን ሌላው እኛም አንግባባም።

በዓልን በተመለከተ ግን አትፍሩ። ገና ጃንዋሪ 7 እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ከወር በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሚጠይቃችሁንም በቀናነት አስተናግዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪው ለሃይማኖት የሚጠየቅ ማመቻቸትን ለመከልከል ሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት አለበት። «ትንሽ አስቸገረኝ» አይበቃም።

አሁን አሁን ስኬጁሉን የሚያወጣው ሶፍትዌር እየሆነ ነው። እንግዳ ሲቀንስ ሰዓት ይቆርጣል፤ ሠራተኛዋ ስልኳ ላይ አይታ ትደነግጣለች። «ኮምፒውተሩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ብላችሁ አትሸኟት። ማናጀሩ ጋ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፦ ዛሬ ስንት ክፍል ተለቀቀ፣ ስንቱ እንግዳ ገና አለ። የተለቀቀ ክፍል ማጽዳት እንግዳ ካለበት የበለጠ ጊዜ እንደሚፈጅ አስረዱት። ሰዓቷን ባያስመልስላት እንኳ፣ ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁላትና ምን እንደተመለሰላችሁ በዚያው ቀን ንገሯት።