ታይፓን ወይስ ማምባ? እኔ የምፈራው ሌላ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ቱሉ ዲምቱ ያለው ሳይታችሁ ላይ ከድንጋይ ክምር ሥር እባብ ወጣ፣ ግንበኞቹ በአካፋ ገደሉት፣ ማታ ደግሞ «ከአውስትራሊያው ታይፓንና ከጥቁር ማምባ ማን ይብሳል?» እያላችሁ ተከራከራችሁ። አንዱ ቪዲዮ አይቶ ኖሮ ታይፓን በአንድ ንክሻ መቶ ሰው ይገድላል ብሏል። እውነት ነው ወይ አልክ።

እኔ የእባብ ምሁር አይደለሁም። ግን ደቡብ ኦሞ ውስጥ ለቀያሾች ሾፌር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ እባብ የምሽት ጨዋታ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እባብ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም።

በመርዝ ጥንካሬ ብቻ ከሆነ ታይፓን ያሸንፋል። ኢንላንድ ታይፓን የሚባለውን ማለቴ ነው። አይጥ ላይ ሲሞከር፣ ግማሾቹን ለመግደል በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.025 ሚሊግራም ይበቃዋል። ማምባ 0.3 ገደማ ይፈልጋል። የታይፓኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበረታል ማለት ነው። መቶ ሰው የሚለውም ከእንዲህ ዓይነት ሒሳብ የመጣ ይመስለኛል። ከአንድ ንክሻ የተገኘውን ትልቁን መጠን፣ 110 ሚሊግራም፣ ወስደው ለሰው ክብደት ያካፍሉታል። ሰው ግን አይጥ አይደለም፣ መቶ ሰውም ተሰልፎ እግሩን አይሰጥም።

ደግሞስ የት ታገኘዋለህ? ኩዊንስላንድና ደቡብ አውስትራሊያ በሚዋሰኑበት ደረቅ ምድር፣ በተሰነጣጠቀ መሬት ውስጥ ነው የሚኖረው። አይጥ ይበላል፣ ሰው ሲመጣ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1879 ከተመዘገበ በኋላ እስከ 1972 ድረስ አጥኚዎቹ ራሳቸው አጥተውት ነበር!

ማምባ ሌላ ነው። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ቆዳው ግራጫ ነገር ነው። ጥቁሩ አፉ ውስጥ ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራማ መንገድ ላይ የውሃ ጎማ ተዘርግቶ አየሁና ፍሬን ያዝኩ። ጎማው አንገቱን አነሳ። እስከ ላንድክሩዘሩ መብራት ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመና አፉን ከፈተ፤ ውስጡ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። መስኮት ዘግተን ትንፋሻችንን ዋጥን። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ትቶን ወደ ቁጥቋጦው ተፈተለከ። ሰው ያሳድዳል የሚሉት ወሬ ነው። በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊፈጥን ይችላል፣ ግን ለአጭር ርቀት፣ ያውም ለመሸሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እስከ ዛሬ መኪና ማጠቢያ ቤት ጎማ ተዘርግቶ ሳይ እደነግጣለሁ።

መውጫ ካሳጣኸው ግን ደጋግሞ ይነክሳል። መርዙ ነርቭ ላይ ነው የሚሠራው። ቦታው ብዙም ላያብጥ ይችላል፤ ከንፈርህ ይነዝርሃል፣ የዓይንህ ቆብ ይከብድሃል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥርሃል። የመርዝ ማርከሻና የመተንፈሻ እርዳታ ካላገኘህ በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ተጋፈጥ ብትለኝ ታይፓኑን እመርጣለሁ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እፉኝት ናት። በአይጥ ሚዛን ከሁለቱም ታንሳለች። አፍሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ከሚነድፉት አንዷ ግን እሷ ናት፤ ምክንያቱም አትሸሽም። ቀለሟን ተማምና መንገድ ላይ ትተኛለች፣ አንተ መጥተህ ትረግጣታለህ። (ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚባለውን እርሳው። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይፈለፈልና ሕይወት ያላቸው ልጆች ትወልዳለች፣ አትሞትም።)

አንድ ቀያሽ ጓደኛችን የመሣሪያውን እግር ሊተክል ሲል ረገጣት። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር። እኛም ባለማወቅ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በገመድ ጥብቅ አድርገን አሰርን፣ አንዱ በምላጭ በጣው። የደረስንበት ጤና ጣቢያ ማርከሻ አልነበረውም። ሆስፒታል እስክንደርስ እግሩ አብጦ ሱሪውን በመቀስ ቀደድነው። ተርፏል፣ ሁለት ጣቶቹ ግን ተቆርጠዋል። ሐኪሙ ገመዱን አይቶ «መርዙን እዚያው አስራችሁ አቆያችሁት» ያለን ከጆሮዬ አይጠፋም። የእሷ መርዝ ሥጋ ነው የሚያበላሸው፤ ማሰር ይብስበታል።

ወደ እናንተ እባብ ስመጣ፣ ማምባ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ማምባ የቆላ እባብ ነው። ከፎቶው እንደማየው ቀጭን ቡናማ ነው፣ ከአፍንጫው በዓይኑ በኩል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ይመስለኛል። ሲሚንቶ ከረጢት የሚበሱባችሁን አይጦች አድኖ ሊበላ ነው የመጣው። በፎቶ ብቻ ግን አልምልም፣ ስለዚህ ድንጋይ በእጅ ሳይሆን በዲጂኖ ገልብጡ፣ ጥበቃውም ማታ ባትሪና ቦቲ ይኑረው።

ሰው ከተነደፈ በገመድ አትሰሩ፣ አትብጡ፣ አትምጠጡ። ቀለበትና ጫማ አውልቁለት፣ እግሩን አያንቀሳቅስ፣ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ስትሄዱም ማርከሻ እንዳላቸው በስልክ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፎቶው ላይ አንዱ ልጅ የተቆረጠውን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ይዞ ይስቃል። ያንን ሁለተኛ እንዳያደርግ ንገረው። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት ለተወሰነ ጊዜ ይነክሳል።