ድመት ቤታችን አልበረክት አለች፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከአድአ ነው። ጤፍ አምራች ነኝ። አይጥ መከራችንን አበላን። ድመት ብናመጣም ቤታችን አልበረክት አለች። የመጀመሪያዋ ሚያዝያ ላይ ሞተች፣ ሁለተኛዋ ሰኔ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ መስቀል ሰሞን። ሁሉንም ከጎረቤት ነው ያመጣናቸው፤ ገና ትንንሾች ነበሩ። ያስመልሳቸዋል፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ውሃው ላይ ተደፍተው ይውላሉ ግን አይጠጡም። በሁለት በሦስት ቀን ያልቃሉ። የሚተኙት ጎተራው አጠገብ ጆንያ ላይ ነው። ለመጨረሻዋ ፓራሲታሞል በወተት በጥብጠን ብንሰጣትም አልዳነችም። አብራት የተወለደችው ጎረቤት ቤት ደህና ናት። የጎረቤት ወንድ ድመት ማታ ማታ እየመጣ ትራፊ ይበላል፤ እሱም ምንም አልሆነ። መርዝ ይሆን እንዴ? ባለቤቴ “ይሄ ቤት ለድመት አይሆንም” ትላለች። የጎረቤት ድመት ሰሞኑን ስለወለደች ሌላ ልናመጣ ነው። መድኃኒት ካለ ንገሩን።

መልስ፦ በአንድ ዓመት ሦስት ድመት መቅበር ያሳዝናል። ጎተራው ሥር አይጥ ሲንጫጫ የሚያድርበት ሰው ደግሞ ሐዘኑ እጥፍ ነው።

መርዝ አይመስለኝም። መርዝ ቢሆን ማታ ማታ የሚመጣው ወንድ ድመትም አይተርፍም ነበር። አብራት የተወለደችው ጎረቤት ቤት ደህና ከሆነች ደግሞ በሽታው ከእናቷ አልመጣም። ያመማት እርስዎ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ሦስቱም ትንንሾች፣ ሦስቱም አንድ ጆንያ ላይ የተኙ፣ ሦስቱም በተመሳሳይ ምልክት የሞቱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ዓይኔን የሳበው ግን ስለ ውሃው የጻፉት ነው። ድመቷ ጠምቷት ውሃው ላይ ትደፋለች፤ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፤ ግን አትጠጣም። ይህን ምልክት የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል።

በሽታው ፌላይን ፓንሉኮፔኒያ ይባላል። አንዳንዶች የድመት ፓርቮ ይሉታል፤ የውሻው ፓርቮ ዘመድ ነው። ቫይረሱ የድመቷን አንጀት ይጎዳል፣ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሕዋስም ያመናምናል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ትንንሾቹን ነው። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ተጋልጠው ስለተረፉ አይነካቸውም። የጎረቤቱ ወንድ ድመት ደህና የሆነውም በዚህ ይመስለኛል። ሰውን፣ ከብትንና ዶሮን አይዝም፤ በዚህ በኩል አይስጉ።

ባለቤትዎ ያሉት ነገር እውነትነት አለው። ይህ ቫይረስ ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። መሬቱ ላይ፣ ጆንያው ላይ፣ የምትበላበት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ሚያዝያ ላይ የሞተችው የጣለችውን ነው የሰኔዋ ያገኘችው፤ የሰኔዋ የጣለችውን ደግሞ የመስቀሏ። አሁንም ትንሽ ድመት አምጥተው እዚያው ቢያስተኟት አራተኛዋ ትሆናለች ብዬ እሰጋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅደም ተከተሉን ይለውጡ። ክትባቱ ይቅደም፣ ቤት መግባቱ ይከተል። አብዛኛው ሰው ድመቷን መጀመሪያ ያመጣል፣ “ስትለምድ አስከትባታለሁ” ይላል። እርስዎ ቤት ያ አይሠራም። ክትባት በተወጋች ማግስት አይከላከልም፤ ሰውነቷ መከላከያውን እስኪሠራ ቀናት ይፈልጋል። ቫይረሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነው።

ስለዚህ ከጎረቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። የምትፈልጓት ድመት እናቷ ጋ ትቆይ። ስምንት ሳምንት ሲሞላት የመጀመሪያውን ትከተብ። ከዚያ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አራት ወር እስኪሞላት ይደገምላት። የሚደጋገመው ነጋዴ እንዲያተርፍ አይደለም። ትንሽ ድመት ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ አለ፤ እሱ ሰውነቷ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ከድመት ድመት ስለሚለያይ በመደጋገም ነው የሚያዘው። በአንዱ መርፌ ተማምነው ቢያመጧት ሊያጧት ይችላሉ።

ጥቅምት ላይ የተወለደች ከሆነች የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ፣ ሁለተኛው ጥር ላይ፣ ሦስተኛው የካቲት ላይ ማለት ነው። ከመጨረሻው ክትባት በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ይውሰዷት። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ እሷ ገና ጎረቤት መሆኗ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። እስከዚያ ወጥመድ ይጠቀሙ፣ ያንን ወንድ ድመትም አያባሩት። መርዝ ግን አያስቀምጡ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች።

ክትባቱ የት ይገኛል? ሦስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከል ነው፤ ፓንሉኮፔኒያንና ሁለት የድመት ጉንፋን ዓይነቶችን ይይዛል። የከብትና የዶሮ ክትባት እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የድመቱ ግን ከውጭ ነው የሚገባው። ስለዚህ ወረዳ ላይ ላያገኙት ይችላሉ። ለእርስዎ የሚቀርበው ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ ነው። እዚያ ከሌለ አዲስ አበባ ያሉ የግል የእንስሳት ክሊኒኮችን ይጠይቁ። ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ፤ መኖሩንም ዋጋውንም ይወቁ። ጎረቤትዎም ሌሎቹን ማስከተብ ከፈለጉ ሁሉንም በአንድ ካርቶን፣ ጎኑን በስተው፣ ጨርቅ አንጥፈው ይውሰዷቸው። የመኪናውን ወጪ ትካፈላላችሁ። ክትባቱን ገዝተው በኪስ ይዘው ለመምጣት ግን አይሞክሩ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ በክትባት ፋንታ ውሃ እንደመውጋት ነው። ድመቷ ናት ወደ ክትባቱ መሄድ ያለባት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እነዚያ ትንንሾች እስኪከተቡ ድረስ እነሱ ጋ ሲሄዱ ይጠንቀቁ። ቫይረሱ በጫማና በእጅ ይሄዳል። ልጆች “እንያቸው” ብለው ሮጠው እንዳያቅፏቸው። ከቤትዎ ጆንያም ሆነ ሳህን አይላክ።

ያንን ጆንያ ዛሬውኑ ያቃጥሉት። አጥበው “ለእህል ይሆናል” አይበሉ። ሲሚንቶ ወለል ካለዎት መጀመሪያ በሳሙና ይጠቡ፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምረው ያርጥቡት፤ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ሳህኑንም እንዲሁ። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ወይም አፈር ከሆነ ግን በረኪናዎን አያባክኑ። አፈርና እበት ኃይሉን ያጠፉታል። አብዛኛው የገበሬ ቤት እንዲህ ስለሆነ ነው ክትባቱ ላይ ሙጭጭ ያልኩት።

አሁን ስለ ፓራሲታሞሉ ልቆጣ ነው፤ በክፉ አይዩብኝ። ለድመት ፓራሲታሞል መስጠት በጣም ተለምዷል፣ በየሰፈሩ እሰማዋለሁ። ሰጪው አዝኖ ነው የሚሰጠው። ነገር ግን የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት በደንብ ማስወገድ አይችልም። ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው አንድ ኪኒን ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይቀየራል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የእርስዎዋ በበሽታው ትሞት እንደነበር እገምታለሁ፤ ኪኒኑ ግን ሥቃይዋን አብሶት ሊሆን ይችላል። የሰው መድኃኒት ለድመት፣ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ፣ በጭራሽ። ወተቱም ቢሆን ለታመመች ድመት ተቅማጥ ይጨምራል። በዚህ በሽታ የታመመች ድመት የምትፈልገው በክሊኒክ የሚሰጥ ግሉኮስና ክትትል ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን ከደረሰች።

ድመቷ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ያስፈልጋታል። ድመትም ታብዳለች፣ ድመትም ትነክሳለች። ብዙ ሰው ውሻውን እየጎተተ ወደ ክትባት ሲሄድ ድመቷን ምድጃ አጠገብ ትቷት ይሄዳል። ይህን ክትባት የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጣል፤ ወደ ቢሾፍቱ መሄድ ላያስፈልግዎ ይችላል። ውሻ ካለዎት በዚያው ቀን አብረው ያስከትቡ፣ የተከተበችበትንም ቀን በወረቀት ይያዙ፤ ዓመት ሲሞላት ሁለቱም ክትባቶች ይደገማሉ።